ነፍስ ያለው ኮሚቴ

ሕይወት ያለው ነገር በምን ይታወቃል? ጎረቤቴ ጋሽ ሺበሺ የባዮሎጂ መምህር ናቸው፤ «ራሱን በራሱ የሚሠራ፣ ያረጀ አካሉን የሚተካ፣ ያገኘውን ሁሉ በልቶ የራሱ አካል የሚያደርግ ነው» ይላሉ። እንግዲያው እዚህ ቴፒ ያለው የቡና መፈልፈያ ጥገና ኮሚቴያችን ነፍስ አለው!

የተወለደው የገበሬ ማኅበራችን መፈልፈያ መኪና የሞተር ቀበቶው፣ ቺንጋው፣ የተበጠሰ ዕለት ነው። የታመመ አባሉን ወዲያው ይተካል፤ ሲወፍር ንዑስ ኮሚቴ ይወልዳል። ሜካኒኩ ኮቺቶ አዲስ ቺንጋ ይዞ ሦስት ቀን ደጅ ጠና፤ አጀንዳ አልተያዘለትማ! የለቀምነው ቀይ ቡና በጆንያ እንዳለ ሸተተ። በአራተኛው ቀን ኮቺቶ ማንንም ሳይጠይቅ ገብቶ ቺንጋውን አሰረው፤ መኪናው ተነሣ።

እፎይ፣ ኮሚቴው ሞተ ስል የማኅበሩ አባላት ሁሉ ለስብሰባ ተጠራን። «ጓዶች፣ መኪናው ያለ ኮሚቴው ውሳኔ መሥራቱን እንዴት እናየዋለን?» አሉ የኮሚቴው ሊቀመንበር።

ደሜ ፈላ። «ይህ ኮሚቴ ለምን አይፈርስም? ምን ሠራና!» ብዬ ጮህኩ።

ሊቀመንበሩ ፈገግ አሉ። «እንዲህ ደፍሮ የሚተች ጓድ ነው የጎደለን።» ተጨበጨበ፤ እጅ ወጣ፤ የኮሚቴው ጸሐፊ ሆኜ ተመረጥኩ።

በእጄ የጻፍኩት የመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ፣ «ጉዳዩ እስኪጣራ ኮቺቶ ቺንጋውን ይፍታ» ይላል።