መርማሪው የታሰረ ዕለት

ሰው ሁሉ ነፍሰ ገዳይን በመልኩ የሚለይ ይመስለዋል። እርስዎም ይመስልዎታል፤ አይካዱኝ። በሠፈርዎ ዓይኑ የቀላ፣ ቅንድቡ የገጠመ፣ ሲስቅ ጥርሱን የማያሳይ ሰው ካለ፣ ይኼ አንድ ቀን ጉድ ያፈላል ብለው በልብዎ ይዘውታል። እኔ በዳንግላ ጋሪ በነዳሁበት ዘመን ብዙ ዓይነት ፊት ከኋላዬ ጭኛለሁ። ቅንድቡ የገጠመው ሰውዬ ብዙውን ጊዜ ሆዱን የሚያመው ምስኪን ነው።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ ነው። ከዳንግላ ወደ ኮሶበር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከገበያ ብቻቸውን ሲመለሱ የነበሩ ሁለት ሰዎች በየተራ ሞተው ተገኙ። አንገታቸው ላይ የመታነቅ ምልክት አለ፤ ከዕቃቸው ግን አንድም ነገር አልተነካም። ሌባ ቢሆን ይገባን ነበር። ሳይሰርቅ የሚገድል ሰው ግን አገሩን ግራ አጋባው።

በመጨረሻ ከአዲስ አበባ መርማሪ ተላከልን። ሃምሳ አለቃ ሰሎሞን ይባላል፤ ጢሙ ገና ማቆጥቆጥ የጀመረ፣ ካፖርቱ ከራሱ የሚበልጥ ወጣት ነው። ጋሪዬን ከነእኔ ለሥራው ተከራየ።

ሥራ በጀመረበት ቀን የከተማው ሰው ደጁን አጣበበው። ለካ ገዳዩን የማያውቅ የለም። አንዱ ወሰን የገፋበትን ጎረቤቱን ይጠቁማል፣ ሌላው አማቱን። አንዲት ሴትዮ እንዲያውም ባሏን ጠቆመች፤ ሰው ገድሏል ብላ ሳይሆን፣ ትንሽ ታስሮ ቢወጣ ጠባዩ ይሻሻላል ብላ ነው። ማንም ያልጠቆመው ቢኖር አቶ ተገኘ ነበር። አቶ ተገኘ በገበያው ዳር ጠጅ ቤት ያለው፣ ለቅሶ ሲሆን ዳስ ለመጣል ቀድሞ የሚደርስ ደግ ሰው ነው። ለመርማሪውም ምሳ በነጻ ያበላዋል። "ብላ የኔ ልጅ፣ ከስተሃል" ይለዋል።

አንድ የገበያ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስተኛውን ሬሳ ራሳችን አገኘነው። ገላው ገና አልቀዘቀዘም። ገዳዩ የጋሪያችንን ድምፅ ሰምቶ ሸሽቷል መሰለኝ፣ ሟቹ የታነቀበት የገዛ መቀነቱ አንገቱ ላይ ቀርቷል። ሃምሳ አለቃው ፈታውና ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

"ይህን ከአንተና ከእኔ ሌላ የሚያውቀው ገዳዩ ብቻ ነው። እንዳትናገር" አለኝ።

ከዚያ ከጋሪው ጀርባ ዞሮ አስመለሰው። በሕይወቱ ያየው የመጀመሪያው ሬሳ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ይህ ኀፍረት ሳይሆን አይቀርም ያደፋፈረው። በሚቀጥለው ገበያ የጨው ነጋዴ መስሎ መንገዱን ብቻውን ሊሄድ ወሰነ። ጋቢ ደረበ፣ ገዳዩን የሚያስርበት ገመድ ያዘ፣ የሟቹን መቀነትና የራሱን መታወቂያ ጣቢያ አስቀመጠ። የሚያብረቀርቀውን የከተማ ጫማውን ግን ማውለቅ አልሆነለትም። እኔን ራቅ ብለህ ተከተለኝ አለና፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ "በዚህ በኩል ብቻውን የሚያልፍ ማን ነው? መቼስ ነው የሚያልፈው?" እያለ ጠየቀ። ጠይቆ ሲጨርስ ከወንዙ ማቋረጫ አጠገብ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ገመዱን ይዞ ተቀመጠ። እስቲ እርስዎ ይፍረዱ።

ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች አዩትና በአዊኛ ጮኹ። እሱ አዊኛ አያውቅም፤ ሰላም ያሉት መስሎት እጁን አነሣላቸው። ገመዱ ያለው በዚያው እጁ ነበር።

ስደርስ ገበሬዎች አስረው መሬት ላይ አጋድመውታል። "ፖሊስ ነው" ብል "ግብረ አበሩ መጣ" ብለው እኔንም አጠገቡ ጠፈሩኝ። ከእኛ ወገን ያልታሰረ ፈረሴ ብቻ ነበር። ዛሬ ሳወራው ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን የሟቾቹ ዘመዶች ዱላቸውን ጨብጠው ከበውን ነበር።

የአገሩ ሽማግሌ ግራዝማች አለሙ በበቅሎ ደረሱ። "ማንም እንዳይነካቸው፤ ለፖሊስ ይሰጡ" አሉ። ወዲያው ከሕዝቡ መካከል አቶ ተገኘን አየሁት። እፎይ አልኩ።

"አቶ ተገኘ፣ እርስዎ ያውቁታል፤ ይንገሯቸው" አልኩ።

አቶ ተገኘ ትንሽ አየን። "ፖሊስ ነኝ እያለ ምሳዬን የበላ አታላይ ነው" አለ። "ሰው በገዛ መቀነቱ የሚያንቅ አውሬ ጣቢያ መድረስ የለበትም። እዚሁ ይገደል።"

መርማሪው አቧራ የጠገበ ፊቱን ቀና አደረገ። "በመቀነት መሆኑን ማን ነገረዎት?" አለ ቀስ ብሎ። "ከሟቹ አንገት ፈትቼ፣ ለማንም ሳላሳይ ጣቢያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።"

"አገር ያወቀው ነው።"

ግራዝማች ወደ ሦስተኛው ሟች ወንድም ዞሩ። "የገነዝኸው አንተ ነህ። መቀነት አይተሃል?"

"አላየሁም፣ ጌታዬ። እንደዚህ ያለ ነገርም ዛሬ ገና መስማቴ ነው።"

አቶ ተገኘ ወደ ኋላ ፈቀቅ ሊል ሲል፣ ከጀርባው የቆመው ሰው አላሳልፍ አለው።

እኛን ፈትተው እሱን አሰሩት፤ ጣቢያ ገብቶም ሦስቱን መግደሉን ተናዘዘ። በማግሥቱ ግራዝማች ቃላቸውን ሰጥተው ሲጨርሱ፣ እሳቸውንና መርማሪውን በጋሪ ጭኜ ወደ ግራዝማች ቤት ነዳሁ። ሃምሳ አለቃው ደረቱን ነፍቶ ተቀምጧል፤ ሹመቱ ከወዲሁ ታይቶታል።

"ሦስቱም ሟቾች ከዓመታት በፊት፣ ሩቅ አገር ችሎት ላይ፣ በርስት ክርክር የመሰከሩበት ሰዎች ናቸው" አለ። "በእነሱ ቃል መሬቱን ተነጠቀ። አራተኛ ምስክርም አለ፤ ስሙን ግን አልናገርም ብሏል።"

ግራዝማች ወደ መርማሪው ዞሩ።

"አራተኛው እኔ ነኝ" አሉ።

"እንኳን እግዜር አተረፈዎት። እውነት የመሰከረ ሰው እንዲህ መታደን አልነበረበትም።"

"እውነት መሰከርን ማን አለህ፣ ልጄ? መሬቱ የሱ ነበር።"

ሃምሳ አለቃው "አቁም" አለኝ። አቆምኩ። ግራዝማችን አየ፣ መንገዱን አየ፣ በመጨረሻ እኔን አየኝ፤ ምን ይሻለኛል የሚል ዓይን ነበር።

"ጌታዬ፣ እኔ ጋሪ ነጂ ነኝ" አልኩት። "ወደ ፊት ከሆነ የግራዝማች ቤት ነው፣ ወደ ኋላ ከሆነ ጣቢያው። ብቻ አንዱን ይበሉኝ።"



"ወደ ኋላ" አሉ ግራዝማች።

ጋሪ በጠባብ መንገድ ላይ በቀላሉ አይዞርም። ሦስታችንም ወርደን ገፋን።