የግንቡ ላይ ሐቀኝነት

እናንተዬ፣ እሴት የሚወድ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አጋጥሞኛል። እዚህ አሰላ፣ ልጄ የምትማርበት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነው። እሴት ከመውደዱ የተነሳ በግንብ አጥሩ ዙሪያ በቀለም አስጽፎታል። «ሐቀኝነት» የሚለው ከሁሉም ደምቆ በሩ አጠገብ ነው ያለው፤ ከመንገድ እንዲታይ ነዋ!

ግቢው ውስጥ ቧንቧ አለ፣ ውሃ ግን የለም። እንግዳ ሲመጣ ብቻ ውሃ በፈረስ ጋሪ ተጭኖ ይመጣና ታንከሩ ይሞላል። አምና ከወረዳ የመጡት እንግዳ ቧንቧውን ከፍተው እጃቸውን ታጠቡና አጠገባቸው የቆመችውን ልጄን ሃዊን «ኢንተሎ፣ አንቺ ልጅ፣ ውሃው ሁልጊዜ አለ?» አሏት።

«የለም። ይሄ ዛሬ ጠዋት ለእርስዎ በጋሪ የመጣ ነው» አለቻቸው።

በማግስቱ ወላጅ አምጪ ተባለች። ሄድኩ። ርዕሰ መምህሩ ለቅሶ የተቀመጠ መስሎ ጠበቀኝ።

«ጋሼ፣ ልጅዎ የትምህርት ቤቱን ማኅበረሰብ አዋርዳለች። ለመሆኑ ቤት ውስጥ ምንድን ነው የሚያስተምሯት?»

ምን ልበል? ነገም እዚያው ነው የምትማረው። «ይቅርታ፣ ሁለተኛ አይለምዳትም» ብዬ ወጣሁ።

እውነትም አልለመዳትም። ዘንድሮ እንግዳው መጡ፣ ጋሪውም መጣ፣ ጥያቄውም ያው ነበር። ሃዊ ዓይኗን በጨው አጥባ «አዎ፣ ሁልጊዜ አለ» አለች። በዓመቱ መዝጊያ ወላጆች ፊት አስቁመው ሸለሟት።

በምን መሰላችሁ? በሐቀኝነት።

እኔም አጨበጨብኩ።