ክኒኑን ማን ይዋጠው?

አንባቢዬ፣ ስለ እርግዝና ራሱ የማያውቀውን ሁሉ በልበ ሙሉነት የሚያስተምር ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ፋብሪካ ስሠራ ጎረቤቴ እትዬ ስንዱ እንዲህ ነበሩ። «ጡት የምታጠባ ሴት አታረግዝም፤ ከባሏ ጋር ተኝታ ወዲያው ተነሥታ የዘለለችም አታረግዝም» ይሉ ነበር። ሰባት ልጅ ወልደው ይህን ሲናገሩ ማን ደፍሮ ይጠይቃቸው?

ሌላዋ ጎረቤታችን ማዘንጊያ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በስንት መከራ ነው። ሐኪሙም «ቶሎ ካረገዝሽ ለሕይወትሽ ያሰጋል» ብሎ የወሊድ መከላከያ ክኒን ሰጣት። እትዬ ስንዱ ግን «ዘሩ የባልሽ አይደል? ክኒኑንማ እሱ ይዋጠው!» አሏት። ባሏ አስማረ ሚስቱን በጣም ይወዳልና ማታ ማታ ሳይሰለች ይውጥ ጀመር። ማቅለሽለሽ ሲይዘው እትዬ ስንዱ «ይኸው፣ መድኃኒቱ ሠራ!» ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አወጁ።

እኔ ነገሩን እንደ ሰማሁ ማዘንጊያን ይዤ ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥሁ። እትዬ ስንዱም ትንሹን ልጃቸውን አዝለው ሊከራከሩ ተከተሉን። ነርሷ ማዘንጊያን መረመረቻት፤ አላረገዘችም። ማዘንጊያ እፎይ ብላ አለቀሰች። ነርሷም ሳትስቅብን፣ ክኒኑ የሚሠራው በሴቷ ሰውነት ውስጥ እንደሆነ፣ የምታጠባም የምትዘልም ሴት ልታረግዝ እንደምትችል አስረዳችን።

ሊከራከሩ የመጡት እትዬ ስንዱ ወደ ነርሷ ጠጋ አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ለእኔስ ይሆናል?» አሏት።

ነርሷ ወንበር አቀረበችላቸውና «ይቀመጡ እናቴ፣ አብረን እናየዋለን» አለቻቸው።