የሐኪም አቡዘር አውራ ጣት

መኪና ባለበት ሰፈር ሁሉ፣ መንጃ ፈቃድ የሌለው የመኪና ሐኪም አይጠፋም። የእኛ የጅቡቲው የካርቲየ 6 ሰፈር ክቡር ሐኪም አቡዘር ናቸው። ድሬዳዋ ተወልደው ጅቡቲ ያረጁ ሰው ናቸው። የድሬ ልጅ ደግሞ አንቱ ሲሉት ይቀየማል፤ «አቦ፣ እኔን ነው ወይስ ከኋላዬ የቆመ ሰው አለ?» ይላሉ። ስለዚህ ስናወራ አንተ እላቸዋለሁ፤ ስጽፍ ግን ለሕክምናው ክብር ስል አንቱ ብያለሁ።

ሐኪሙ መሣሪያ አይወዱም። የሞተር ትንፋሽ የሚለካ ሰዓት መሳይ መለኪያ ገበያ ላይ እንዳለ ሲነገራቸው አውራ ጣታቸውን ቀና አድርገው «አላህ የሠራልኝ ሰዓት ይኸው!» ይላሉ። መኪናህ ጉልበት አነሰው? ደጃቸው ታቆማለህ። እሳት የሚጭሩትን አራቱንም ካንዴላ ከሲሊንደሮቹ ይፈቱና አንዱን ቀዳዳ በአውራ ጣታቸው ይደፍናሉ፤ ሌላ ሰው ቁልፍ ያዞራል። የታመቀው አየር ጣታቸውን ገፍቶ ካስፈነጠረው ሲሊንደሩ ጤነኛ ነው። ካልገፋ ትንፋሽ አጥቷል። ያኔ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት በቀዳዳው ያንቆረቁራሉ። ትንፋሹ ከተመለሰ ፋሻው አልቋል፣ ካልተመለሰ ቫልቩ ነው። ጎረቤታችን ሩቅያ «ፋሻው አልቋል» ቢሏት ፋርማሲ ሄዳ ሁለት ጥቅል የቁስል ፋሻ ይዛ መጣች። እዚሁ ጅቡቲ ተወልዳ ያደገች ናት፤ በአገር ቤት መካኒክ አፍ ፋሻ የፒስቶን ቀለበት መሆኑን ማን ይንገራት? ሐኪሙ አልሳቁም። «አስቀምጪው፤ የጥገናውን ዋጋ ስትሰሚ ራስሽን ታስሪበታለሽ» አሏት።

ይህ ሕክምና እንግዲህ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቁልፍ ያዞረችላቸው ባለቤታቸው ማይሙና ናት። እሷን ስጽፍም አንቱ ማለት አልችልም፣ እንደ ልጇ ነበር የምታየኝ። መንጃ ፈቃዱም የእሷ፣ ነጯ አሮጌ መኪናም የእሷ ነበረች፤ በየጧቱ ጨርቅ ጭና ካርቲየ 2 ሱቋ ትሄድባታለች። ሐኪሙ ቀዳዳውን ሲደፍኑ እሷ ከመሪው ኋላ ሆና ቁልፉን ታዞርና «አለ?» ትላለች። «አለ!» ይላሉ። «የለም» ካሉ ደግሞ አንገቷን በመስኮት አውጥታ ባለመኪናውን እንደ ሐዘንተኛ «አላህ ሰብሩን ይስጥህ» ትለዋለች።

አምና ከረመዳን በኋላ ማይሙና ሞተች። ከዚያ ወዲህ በካርቲየ 6 ሞተር ሁሉ አብሯት መሞት ጀመረ።

የኔን መኪና «ሁለቱ ሲሊንደር የለም» አሉኝ፤ ጋራዥ ወሰድኳት፣ ምንም አልነበረባትም። የሰፈራችን ወጣት ባለታክሲ ሙሚንም መኪናውን ይዞላቸው መጣ።

«አራቱም የለም» አሉት።

«አራቱም? ታዲያ እኔ በምን መጣሁ?»

«በአላህ ፈቃድ።»

ሰፈሩ ለአንድ ሳምንት ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ግን መኪናውን ይዞላቸው የሚመጣ ሰው ጠፋ። ሐዘን ነው፣ እርጅና ነው ተባለ። ሁላችንም በመሐረብ የምንይዘውን የጋለ የሻይ ብርጭቆ እሳቸው በባዶ እጃቸው ይዘው ሲያወሩ በዓይኔ አይቻለሁ። የስኳር በሽታ እንዳለባቸውም አውቃለሁ። ሁለቱን አላገናኘኋቸውም።

ባለፈው ሳምንት ጧት በሬን አንኳኩ። የማይሙና መኪና ከሞቷ ጀምሮ ቆማ ነበር። «ነገ ብረት ሰብሳቢው ሊወስዳት ነው፤ ከመሄዷ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ቁልፍ አዙርልኝ» አሉኝ። የመኪናዬን ባትሪ አውጥቼ ገጠምኩላት። ካንዴላዎቹን ፈቱ። እኔ ማይሙና ቦታ ተቀምጬ ቁልፉን አዞርኩ።

«የለም» አሉ። ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ዞሩ። «የለም።»

እኔ ግን ይሰማኛል። በየዙሩ ከጣታቸው ሥር «ጵስ! ጵስ!» እያለ አየር ያመልጣል። አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ሳይ ጣታቸው ብድግ ብድግ ይላል፤ እሳቸው አያውቁም። ያን ጊዜ የሻይ ብርጭቆው ትዝ አለኝ፤ ለካ ስኳሩ ጣታቸውን አደንዝዞታል።

«አቡዘር፣ ና አንተ ቁልፉን አዙር፤ እኔ ልያዘው» አልኩ።

እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው አያውቁም። የመቀመጫውን ጨርቅ በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው በስሱ ተቀመጡ። ቁልፉን አዞሩ። አየሩ አውራ ጣቴን ገፍቶ አስፈነጠረው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም እንዲሁ።

«አለ?» አሉኝ ከመስኮቱ።

የጣቴን ጥላሸት በሱሪዬ ጠረግኩ። የለም ብል ነገ መኪናዋ ትሄዳለች። አለ ብል ደግሞ የሞተው ጣታቸው መሆኑን መንገሬ ነው፤ ከማይሙና ቀጥሎ የቀራቸው እሱ ብቻ ነበር።

«አቦ ተናገር እንጂ! አለ ወይስ የለም?»

«አለ» አልኩ። «አራቱም አለ።»

መሪውን የያዘ እጃቸውን አዩት። አውራ ጣታቸውን በሌላው እጃቸው ቆነጠጡት፣ ደግመው ቆነጠጡት። «ለካ እኔ ነኝ» አሉ። ቀጥለውም «ሙሚንን ይቅርታ ልጠይቀው ይገባል፤ በልጁ ሰፈሩን አሳቅኩበት» አሉ። ማን በማን እንደሳቀ ልነግራቸው አፈርኩ።

ካንዴላዎቹን መልሼ አሰርኩ። ቁልፉን ሲያዞሩ መኪናዋ ትንሽ አንገራገረችና ተነሳች። ገብቼ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። 

«የት ላድርስህ?» አሉኝ፣ መንጃ ፈቃድ የሌላቸው ክቡር ሐኪም።

«ካርቲየ 2።»

«እሱን መንገድ እሷ ነበረች የምታውቀው» አሉ። ሞተሩን ግን አላጠፉም።