በጉ ያስመረጠን ቀን

«ማን ይቅር? ማን ይሂድ?» ብሎ የጠየቀኝ በግ ነው። ትናንት ሌሊት፣ በሕልሜ። ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ ትልቅ በግ። 

ከመነሻው ልናገር። ከመተኛቴ በፊት ጸልዬ ነበር። ምርጫው ደርሷል፤ ወንጌላዊው «ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ጌታን ጠይቁ» ብሎናል። ጠየቅሁ። በዚያው ስለ ልጄ ስለ ታረቀኝም ለመንኩ። ታረቀኝ ደቡብ አፍሪካ ልሂድ ማለት ከጀመረ ሰንብቷል። ከሰፈራችን ብዙ ልጆች በሞያሌ በኩል ወጥተዋል። የደረሱ አሉ፤ ድምፃቸው የጠፋም አሉ። «እማ፣ አንቺ በአፍሽ ሂድ ካላልሽኝ እግሬን አላነሳም» ይለኛል። በእኛ ዘንድ የእናቱን ቃል ሳይቀበል ሩቅ አገር የሚወጣ ልጅ የለም። ስለዚህ እኔም አፌን ዘግቼ ከረምኩ። እሱን ቤት ያቆየው የእኔ ዝም ማለት ነበር።

እንዲህ እያሰብኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ነጠላዬን ለብሼ ወደ ጸሎት ቤት ሄድኩ። አግዳሚ ወንበሮቹ ውጭ ወጥተው ሣር ይግጣሉ። በጎቹ ውስጥ ገብተው ይዘምራሉ። ወንጌላዊው በሩ ላይ ተንበርክኮ የበጎቹን እግር ያጥባል።

«ምነው ወንጌላዊ?» አልኩት።

«ዛሬ ጠባቂዎቹ እነሱ ናቸው። ዝም ብለሽ ተነጂ» አለኝ።

ተነዳሁ። ግቢው የምርጫ ጣቢያ ሆኗል። የሚመረጠው ፕሬዝዳንት ነው ተባለ። የጎልማሶች ትምህርት መምህራችን ስመኝ፣ ፕሬዝዳንት የሚመርጠው ፓርላማው ነው ብላ አስተምራናለች። ይህን ልናገር እጄን ሳወጣ መምህርት ስመኝን ከተማሪዎች መሐል አየኋት። እርሳሷን ታኝካለች።

«እኔ ገና ሀ ሁ ላይ ነኝ» አለችኝ። «የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ያን ጊዜ ፈራሁ። የምታስተምረኝ ሰው ካላወቀች እኔ ማንን እጠይቃለሁ?

እጩዎቹ ጫማቸውን አውልቀው ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። እኛ መራጮቹ ዳስ ውስጥ ወንበር ተሰጥቶን ለስላሳ እንጠጣለን። እጩዎቹ በየመሐሉ ያጨበጭቡልናል። ገበያ ላይ አጠገቤ ቆጮ የምትሸጠው ኤልፍነሽ ጎኔ ተቀምጣለች።

«ጠጪ ላቀች፣ ጠጪ» አለችኝ። «ነገ ጠርሙሱንም አያሳዩን።»

በጉ ፊሽካውን ነፋና እጩዎቹ እንሰት እንዲፍቁ አዘዘ። እንሰት የሚፍቁት ሴቶች ናቸው፤ ወንድ ሲፋቅ አጠገቡ አይደርስም። እነሱ ግን ሱፋቸውን እንደለበሱ ቁጭ ብለው እግራቸውን ዘረጉ። ኤልፍነሽ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ በደንብ ማየት ነበረብኝ። ጌታን ጠይቄያለሁ፣ መልሱ ከእነዚህ አንዱ ነው ብዬ አሰብኩ።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ቅዱስ በብብቱ ይዟል። እንሰቱ ላይ እጁን ጭኖ ረጅም ጸሎት ጸለየ፤ አንድም ቅጠል አልፋቀም። ጸሎቱ ግን ያማረ ነበር፤ አሜን አልኩ።

«ጌታን ትፈራለህ?» አልኩት።

«ድሮ እፈራው ነበር፣ እናቴ። አሁን ተላምደናል።»

«ልጄንስ ምን ታደርግልኛለህ?»

«እጸልይለታለሁ።»

«የት ሆኖ?»

«የሄደበት ሆኖ» አለኝና ዓይኑን ጨፈነ።

ሁለተኛው ሲፍቅ ከፍጥነቱ የተነሣ እጁ አይታይም። ነገር ግን ቡላውን፣ ያንን ነጩንና ደህናውን፣ ወደ ኋላው እየወረወረ ቃጫውን ፊቱ ያስቀምጣል። ወደ ኋላ የወረወረውን የእሱ ሰዎች በጆንያ ይቀበላሉ።

«ልጄን ምን ታደርግልኛለህ?»

«ሥራ እሰጠዋለሁ።»

«ምን ሥራ?»

«እኔን መጠበቅ። ጠመንጃ እሰጠዋለሁ፤ የደንብ ልብስም አለው።»

ሦስተኛው አንገቱን ደፍቶ ቀስ እያለ ይፍቃል። ደህና ይፍቃል። ልቤ ወደ እሱ ሄደ። ጠጋ ስል ግን የለበሰው ጃኬት የታረቀኝ ሆነ። ክርኑ ላይ እኔው የጣፍኩት አረንጓዴ ጃኬት።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ልጅሽ ትቶት ሄደ። የሚሄድበት ሞቃት ነው ብለውታል።»

«አልሄደም፤ ቤት ተኝቷል» አልኩት። 

ቀና ብሎ አየኝ። «እንግዲህ አላውቅም» አለ። ከሦስቱ እውነት የተናገረ እሱ መሰለኝ፤ ስለዚህም ከሁሉም ይልቅ እሱን ፈራሁት።

በጉ ድምፅ መስጫውን ወረቀት አመጣ። አንሶላ ያክላል። የእጩዎች ምልክት መሆን ያለበት ቦታ ላይ የሰፈራችን ልጆች ፎቶ ተደርድሯል። ታረቀኝ አለ። የኤልፍነሽ ልጅ በየነም አለ።

«አውራ ጣትሽን» አለኝ በጉ።

መምህርት ስመኝ ስም መጻፍ የቻለ ሰው በጣቱ አይፈርምም ብላናለች። የልጄ ፎቶ ላይ ቀለም ላሳርፍ አልፈለግሁም፤ ደግሞም ለማን ነው የማሳርፈው? እስኪርቢቶ ጠየቅሁና ከታች ባዶው ቦታ ላይ ስሜን ጻፍኩ። ላ። ቀ። ች። የ«ቀ» እግር ትንሽ ተጣመመ። ስጨርስ ነው መምህርት ስመኝ ሌላም ነገር እንዳለችን ትዝ ያለኝ፤ ድምፅ መስጫ ላይ ስም ከተጻፈ ወረቀቱ ይበላሻል ብላን ነበር።

«ተበላሸ» አልኩ።

«እዚህ የሚቆጠረው የተበላሸው ነው» አለ በጉ። ፊሽካውን ነፋ። እጩዎቹ ፊታቸው በራ፤ እርስ በርስ እየተጨባበጡ ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔ ፕሬዝዳንት ሆንኩ።

ኤልፍነሽ ከወንበሯ ተነሳች። ከእንግዲህ ከእኔ ጋር አትቀመጥም።

የጭነት መኪና ገባ። ልጆቹ ጭነቱ ላይ ተደርድረው ቆመዋል። ታረቀኝ በሸሚዝ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ነው በጉ የጠየቀኝ።

«ክብርት ፕሬዝዳንት፣ ማን ይቅር? ማን ይሂድ?»

«ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«እሱን ሹፌሩም አያውቅም።»

ኤልፍነሽ ከኋላዬ ነጠላዬን ያዘች። «የእኔን አስቀሪልኝ ላቀች» አለች። ከዚያ ደነገጠችና «ክብርት» ብላ አስተካከለች። አብረን ስንት ዓመት ቆጮ የሸጥን። የእሷን ባስቀር የእኔ ሊሄድ ነው?  አብርሃም ትዝ አለኝ፤ ቢላዋው ከተነሣ በኋላ በቁጥቋጦ የተያዘው በግ።

«አንተ ሂድ» አልኩት በጉን። «በልጆቹ ፋንታ አንተ ሂድ።»

በጉ ሳቀ። ጥርሱ የሰው ነው። «እኔማ አስመራጭ ነኝ» አለ። «ያኔ ምርጫ አልነበረም።»

«እንግዲያው ሁሉም ይቅሩ» አልኩ።

መኪናው ተነሣ። ሮጥኩ፤ መሬቱ ወደ ኋላ ይጎትተኛል።

«ይቅሩ ብያለሁ እኮ።»

«እዚህ ይቅር የተባለ ይሄዳል» አለ በጉ፤ እያኘከ። «ይሂድ የተባለ ይቀራል። እስካሁን ሲባል የሰማሽው ሁሉ እንዲያ አልነበረም?»

ገባኝ። ደስ አለኝ። ባለኝ ድምፅ ሁሉ «ታረቀኝ ይሂድ» አልኩ። «ሂድ ልጄ። ሂድ፣ ጌታ ይከተልህ።» በየነንም ልጨምር ነበር፤ መኪናው ቆመና ረሳሁት። ታረቀኝ ዘሎ ወረደ። እየሳቀ ወደ እኔ መጣ። ግንባሬን ሳመኝ። ከንፈሩ ሞቀኝ።

ነቃሁ። ነግቷል። ግንባሬ ገና ይሞቃል። ሴት ልጄ ምሕረት ራስጌዬ ቆማ ታየኛለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«እማ፣ መቼ ነው ሐሳብሽን የቀየርሽው?»

«የምኑን ሐሳብ?»

«ጎህ ሲቀድ ጮክ ብለሽ ተናገርሽ። ታረቀኝ ይሂድ አልሽ። ሂድ ልጄ፣ ጌታ ይከተልህ አልሽ። እሱ ተነሥቶ አጠገብሽ ተንበረከከ። ግንባርሽን ሳመሽ። ‹ሰማሽ አይደል፣ ከአፏ ወጣ› አለኝ። ልጆቹን የሚያሻግረው ደላላ መኪናውን አስፋልቱ ዳር አቁሞ ነበር።»

በባዶ እግሬ እስከ አስፋልቱ ሮጥኩ። እዚህ መሬቱ አልጎተተኝም። በየነ ቦርሳውን እግሩ ሥር አድርጎ ብቻውን ቆሟል። ኤልፍነሽ ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

የኤልፍነሽ ልጅ ቀረ፤ እናቱ ቃል አልተናገረችም። አረንጓዴው ጃኬት ሚስማሩ ላይ ቀረ። ታረቀኝ ሄደ።