ሚሊዮን ጊዜ ተጥሎ ያልመጣው ስድስት

ዳይስ የጠመደው ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። «እኛ ቤት የለም» የሚል ካለ፣ ያ ሰው ራሱ ነው ማለት ነው።

የእኛ ቤቱ የባለቤቴ አባት ናቸው። ዕድሜያቸውን ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ገደል አፋፍ ላይ መሪ ሲያዞሩ እጃቸው ያልተንቀጠቀጠ ሰው ናቸው። እሁድ እሁድ ሉዶ ስንጫወት ግን ዳይሷን በሁለት መዳፋቸው አፍነው፣ የበረዳት ጫጩት ይመስል ይተነፍሱባታል። በሉዶ ስድስት ካልመጣ ጠጠር ከቤት አይወጣም። የሁላችንም ጠጠሮች ሰሌዳውን ዞረው ሲገቡ የክቡርነታቸው አራት ጠጠሮች ቤት ይጠብቃሉ። «ስድስት ታውቀኛለች፤ ሰላም ግን አትለኝም» ይላሉ። መቀመጫ ቀይረዋል፣ በግራ እጃቸው ጥለዋል፣ ዳይሷን በሳሙና አሳጥበዋል። አንዴ እንዲያውም መነጽራቸውን አውልቀው ጣሉ፤ «እኔ ካላየኋት እሷም ላታየኝ ትችላለች» ብለው።

እኔ ደግሞ ኮድ ጸሐፊ ነኝ፤ ማለትም ሰው ሲከፋው ማጽናናቱን ትቼ ማስረዳት የምወድ ፍጡር። አንድ እሁድ በእንግዳ ፊት፣ «ጋሼ፣ ዳይስ ሰው አይመርጥም፤ ሁሉም ቁጥር እኩል ነው የሚመጣው» አልኳቸው።

«እንግዲያው ስዋሽ ኖሬያለሁ ማለት ነው» ብለው ኮታቸውን አንስተው ወጡ። በቀጣዩ እሁድ አልመጡም፤ በዚያኛውም። ባለቤቴ አኮረፈችኝ። «ራስህ እንዳስወጣኸው ራስህ አባቴን መልስልኝ» አለች።

ይቅርታ መጠየቅ ትንሽ ጊዜ ነበር የሚፈጀው። እኔ ግን ሥራዬን ሁሉ ትቼ ዳይስ አንድ ሚሊዮን ጊዜ የሚጥል ፕሮግራም ጻፍኩ። እያንዳንዱ ቁጥር ስንት ጊዜ እንደመጣ ቆጥሮ በሰንጠረዥ ያወጣል። ሳልሞክረው፣ ላፕቶፔን ታቅፌ ቤታቸው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ስድስቱም ቁጥር እኩል ሲመጣ አሁን በዓይንዎ ያያሉ» አልኩና ቁልፉን ተጫንኩ።

ሰንጠረዡ ወጣ። ከአንድ እስከ አምስት ያሉት እያንዳንዳቸው ሁለት መቶ ሺህ ገደማ። ስድስት፣ ዜሮ።

መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ይቺ ዜሮ የምንድን ናት?»

«ስድስት የመጣበት ብዛት ነው።»

«ከሚሊዮኑ?»

«ከሚሊዮኑ።»

ስህተቱ ወዲያው ገባኝ። «ከአንድ እስከ ስድስት» ብዬ ያዘዝኩት ፕሮግራም ስድስት ጋ ሲደርስ ይቆማል እንጂ ስድስትን አይጨምርም። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ነው፤ ተጠንቀቁ እያልኩ ጀማሪዎችን የማስተምረውም እኔ ነኝ። ይህንኑ ላስረዳ ስጀምር እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ። ይኩራሩብኛል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ላይ ያየሁት ሐዘን ነበር።

«ተወው ልጄ፣ አታስረዳኝ። እኔ እንኳ አልፎ አልፎ ትመጣልኛለች። ሚሊዮን ጥሎ አንዲት ያጣ ሰው ግን አይቼ አላውቅም።» ወደ ጓዳ ዞረው ሚስታቸውን ተጣሩ። «አንቺ፣ ኮቴን አቀብይኝ። ይሄ ልጅ ብቻውን መጫወት የለበትም።»

አስተካክዬ ደግሜ አሳየኋቸው። ስድስቱም ቁጥር እኩል ወጣ።

«ጎበዝ» አሉኝ፤ «ሰው እንዲህ ራሱን ያጽናና።»

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ አጠገቤ ነው የሚቀመጡት። ተራዬ ሲደርስ ዳይሷን ተቀብለው ይተነፍሱልኛል፤ ስድስት ሲመጣልኝም ከእኔ በላይ ይደሰታሉ። የእሳቸው ጠጠሮች አሁንም ቤት ናቸው። እወዳቸዋለሁ፤ ምን ላድርግ። ባለፈው እሁድ እሳቸው ሲጥሉ ባለቤቴ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይታ፣ «ምን እያልክ ነው?» አለችኝ።

«እየቆጠርኩ» አልኳት።

ስድስትን እየለመንኩ ነበር።