ሦስት መዳፍ ያረፈበት ድልድይ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» በሉኝና፣ ላሞቹን ወዲያ አድርጋችሁ ጆሯችሁን ስጡኝ። ይህን ተረት ኮምፒውተር ላይ ኮድ ለሚጽፉ ልጆች ብነግራቸው እርስ በርሳቸው እየተያዩ ሳቁ። እነሱም ቤት አንዱ የጻፈውን ሌላው አይቶ ካላጸደቀው አያልፍም አሉኝ። የሳቁበትን ምክንያት እናንተው ድረሱበት።

አንድ ትልቅ ወንዝ አጠገብ በነበረ ጫካ የሚኖሩ እንስሳት ሣሩን ግጠው ጨረሱት። ለምለሙ መስክ ያለው ከወንዙ ማዶ ነበር። ክረምት ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ወንዙ ከሞላ መዋኘት የማይችል ሁሉ እዚያው በረሃብ ማለቁ ነው። ከሁሉ የጨነቃት እመት ጥንቸል ነበረች። አራት ጨቅላዎች አሏት፤ አንዳቸውም ውሃ አይደፍሩም።

አያ አንበሶ ጉባኤ ጠርቶ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ድልድይ እንሥራ» አለ። አንበሳ ስለ ሰው ሲተርት ማንም አልሳቀም፤ በንጉሥ ተረት አይሳቅም።

«እንጨት የሚያጋድም ሁሉ ሥራውን ለሦስት እንስሳት ያሳይ» ሲል ቀጠለ። «እነሱም አይተው መዳፋቸውን ጭቃ ነክረው ያትሙበት። መዳፍ የሌለው በሰኮናው ያትም። ያለዚያ አንዲት ቀንበጥ ድልድዩ ላይ አትገባም።»

ሁሉም አጨበጨበ። ሕጉ ደግ ነበር። ሕግ ሲወጣ መቼ ክፉ ሆኖ ያውቃል?

መጀመሪያ ጥንቸል አንዲት ሸንበቆ ይዛ መጣች። ሊያዩላት የተቀመጡት ጋሽ ከርከሮ፣ እመት ጦጢትና አያ ጅቦ ነበሩ።

«ጫፉ ትንሽ ወደ ግራ አላዘነበለም?» አለ ከርከሮ።

«ቋጠሮው አንድ ዙር ነው፤ እኔ ብሆን ሁለት ዙር አስረው ነበር» አለች ጦጢት።

«እኔ ደግሞ በቀርከሃ ቢሆን ባይ ነኝ» አለ ጅብ፣ በዕድሜው አንድ እንጨት አስሮ የማያውቀው።

ምስኪኗ ጥንቸል ሰባት ጊዜ ተመላለሰች። በአራተኛው ቀን ሦስቱም አተሙላትና እፎይ አለች።

በዚህ አካሄድ ክረምት እንደሚቀድማቸው የገባው አንበሳ ግንደ ቆርቁርን ቀጠረ። ግንደ ቆርቁር እያንዳንዱን እንጨት በመንቁሩ ይመታል፤ ጤነኛ ከሆነ አንዴ፣ የነቀዘ ከሆነ ሦስቴ። እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ሠራተኛ ነበር። አይደክመውም፣ ለማንም አያዳላም፣ ጉቦም አይበላም።

ከዚያ ዝሆን መጣ። አራት መቶ ግንድ እየጎተተ፣ ከዳርቻው ተነሥቶ በወንዙ መሀል ባለው ዐለት ላይ አሳልፎ በሦስት ቀን ድልድዩን ጨረሰው። ግንደ ቆርቁርም አራት መቶውን አንድ በአንድ መታ፤ ሁሉም ጤነኛ ነው።

ከርከሮ የግንዱን ብዛት አይቶ ገና ሳይጀምር ደከመው። «ግንደ ቆርቁር ካሳለፈው እኛ ምን እንጨምራለን? እንዴት ያምራል!» አለና አተመ። ጦጢትም «በጣም ያምራል» ብላ አተመች።

ሦስተኛው ተራ የጥንቸል ነበር። እስከ ጫፉ ሄዳ ልታየው አሰበች፤ ነገር ግን ዝሆንን ማስቆም ፈራች። ቀኑም እየሄደባት ነው። «ዝም አይነቅዝም» ብላ ትንሿን መዳፏን አሳረፈች።

በምረቃው ቀን ጉም ወንዙን ሸፍኖት ነበር። አንበሳ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ፣ እልልታው እየቀለጠ ተሻገሩ። ጥንቸል ጨቅላዎቿን አስከትላ መጨረሻ ላይ ነበረች።

ዳር ሲደርሱ ጅብ መሬቱን አሸተተና «ይህስ የታደለ አገር ነው! ልክ እንደኔ የሚሸት ጅብ ይኖርበታል» አለ።

ጉሙ ሲገፈፍ ጥንቸል ጮኸች። «ያ ጉድጓድ የኔ ቤት ነው!»

ድልድዩ ዞሮ እዚያው የተነሡበት ዳርቻ ላይ አርፎ ነበር። አንበሳ አገሳ። ሁሉም ወደ ግንደ ቆርቁር ጠቆሙ።

«እኔ የምመታው እንጨት ነው» አለ ግንደ ቆርቁር። «እንጨቱ ጤነኛ ነው። ወዴት እንደሚሄድ ማን ጠየቀኝ?»

«እንግዲያው ሁለት ግንደ ቆርቁር ይጨመር!» ብሎ አንበሳ ፈረደ። እንደገና ተጨበጨበ፤ ሰማዩም አጉረመረመ።

ጥንቸል ግን አላጨበጨበችም። አፍራ ነበር፤ ልጆቿን ቀና ብላ ማየት አቃታት። ቀስ ብላ ዝሆን ዘንድ ሄደች።

«አያ ዝሆን፣ አይቆጡኝና፣ ሥራዎን ከመጀመሪያው ጀምረው እየሄድን ያስረዱኛል?»

«እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ እስከ ዛሬ የለም» አለ ዝሆን፤ ደስም አለው።

ጎን ለጎን ሄዱ። ዐለቱን አልፈው ጥቂት እንደተራመዱ ዝሆን ቆመ። «እዚህ ጋ ስደርስ ፀሐይ ዓይኔን ወጋችኝና ጀርባዬን ሰጠኋት። ፀሐይዋ ስትዞር እኔም ዞርኩ። ከዚያ…» አለና አንገቱን አዙሮ ድልድዩን አየው። ጆሮዎቹን እያማታ እስኪያለቅስ ሳቀ። ጥንቸልም ሳቀች፤ እውነትም ያስቅ ነበር።

በሁለት ቀን አቃናው። ግንደ ቆርቁር እንጨቱን እየመታ፣ ጥንቸል ከፊት ከፊት እየሄደች ማዶውን እያየች፣ ያልገባትን እየጠየቀች። የመጨረሻው እንስሳ ሲሻገር የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። አራቱ ጨቅላዎች ለምለሙ ሣር ላይ ተንከባለሉ።

አንበሳ ሊሸልም ተነሣና «ይህን ድልድይ ያጸደቀ ማን ነው?» ሲል ጠየቀ። ከርከሮ ሰኮናውን፣ ጦጢት መዳፏን አነሡ። ሥራውን ዞር ብሎ ያላየው ጅብ ሳይቀር ሁለቱንም መዳፉን አነሣ። ጥንቸል ብቻ እጇን ሰብስባ ቆመች።

«አንቺስ፣ እመት ጥንቸል? መዳፍሽ የታለ?»

«ጌታዬ» አለች ጥንቸል፣ «መዳፌማ ፊተኛውንም አጽድቆት ነበር። ይሄኛውን ያየልኝ እግሬ ነው።»